አዲሎ ላይ የፈሰሰ ዕጣን

የፈትሁዲን ሚኒባስ የአንጋጫን ዳገት ሲያያዘው ፀሐይ ገና የእንሰቱን ጫፍ ጫፍ ብቻ ነበር የነካችው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በግማሽ አቅም ብቻ ይጫናል» ይላል። ተሳፋሪዎቹ ተራርቀው፣ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ በዓይን ብቻ እየተጠባበቁ ተቀምጠዋል። አንዱ ጉሮሮውን ከጠረገ ሌላው ፈጥኖ መስኮት ይከፍታል። ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት፣ ወሩ ሚያዝያ፣ ቀኑ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነው። ድሮም በዚያ ሳምንት ክርስቲያን አይሳሳምም፣ አይጨባበጥም፤ በዚያ ዓመት ግን ሙስሊሙም ጴንጤውም፣ አገር ምድሩ ሁሉ አብሮ ሕማማት ገባ።

እህተማርያም ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ፔርሙዝ ታቅፋ ተቀምጣለች። ቀይ ጽጌረዳ የተሣለበት፣ እጀታው ተሰብሮ በሽቦ የተጠገነ፣ በየቤቱ ቡፌ ላይ የማይጠፋ ዓይነት ፔርሙዝ ነው። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር በሁለት ክንዷ ወደ ደረቷ ትስበዋለች። ውስጡ ያለው ሻይ አይደለም። ዓመት ሙሉ በአልኮል ተዘፍዝፎ የቆየ፣ ተጣርቶ የወርቅ መልክ ያወጣ የዕጣን ሽቶ ነው። ዛሬ ከስምንት ሰዓት በፊት ሐዋሳ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ማኅሌት የምትባለው የሽቶ ቀማሚ ወደ አዲስ አበባ ትነሣለች፤ ከዚያም በስንት ልመና በተገኘ አውሮፕላን ወደምትሠራበት ወደ ፈረንሳይ አገር ትመለሳለች። መቼ ተመልሳ እንደምትመጣ እርሷም አታውቅም። ያን ጊዜ ስለ ነገ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ልጄ፣ ሕፃን አስመሰልሽው እኮ» አሉ ከማዶ ወንበር እትዬ ወርቅዬ። ሆሳዕና ገበያ ቅቤና ቅመም ሲሸጡ ያረጁ፣ ሐዋሳ ያለች አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ሴት ናቸው። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያሳሳሽ?»

«ሻይ ነው እትዬ።»

የእትዬ ወርቅዬ ዓይን ጠበበ። ጨርቁ አፋቸውን ቢሸፍነውም ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። «ሻይ? በሕማማት? በዚህ ጠዋት? አንቺ የቄሰ ገበዝ ወንዳፈረው ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

እህተማርያም ክው አለች። ይህን እንዴት አላሰበችውም! ትናንት በፈትሁዲን ሱቅ ጓዳ ሆነው ሲመክሩ፣ «ፔርሙዝ ማን ይጠረጥራል? ሻይ የማይዝ መንገደኛ አለ?» ያለው እርሱ ነበር። ፈትሁዲን ሙስሊም ነው፣ የሕማማትን ጾም ልብ ባይል አይፈረድበትም። እርሷ ግን የቄስ ልጅ ናት፤ በዚህ ሳምንት ምራቋን ስትውጥ እየተሳቀቀች ያደገች። አሁንም ከትናንት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰችም። ጭንቀቱ ጾሙን ባያስጥላትም ጿሚ መምሰሉን አስረሳት።

«የኔ ነው እትዬ» አለ ፈትሁዲን በመስታወቱ እያያቸው። «እኔ ሻይ ካልቀመስኩ ዓይኔ አይገለጥም። ገደል ብከትዎት ይሻላል?»

«እንዲያ በላ!» አሉና ሳቁ እትዬ ወርቅዬ። «ምን አለ በመንገድ ገዝተህ ብትጠጣ? እሷን በሰው ዓይን ታስገባት?»

ሳቁ አለፈ። የእህተማርያም ልብ ግን ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም።

መደበቁ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ሰሞን አልኮል ከወርቅ በላይ ሆኖ ነበር። እጅ የሚያጸዳው ነገር ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፍቶ፣ ግብረ ኃይል የሚባለው ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የደበቀ ነጋዴ ያድናል። የደበቀ ሱቁ ይታሸጋል። በመኪና ጭኖ የተያዘ ደግሞ መኪናውም ሰውየውም ይቀራሉ፤ ሾኔ ላይ አንዱ እንዲህ ሆኖ ታርጋው ተፈትቶ መቆሙን ሾፌሮቹ ሲያወሩ ሰምታለች። «ሽቶ ነው እኮ» ብትላቸውስ? ነርስ እጇን የምታጸዳበት ባጣችበት ሰዓት ማን ሽቶ ብሎ ይሰማታል? ማን ቢሆን ይስቅባታል እንጂ።

ነገሩ የተጀመረው ከእናቷ ነው። ወይዘሮ ዮዲት የደብሩን ዕጣን የምትለቅም ሴት ነበረች። ዕጣኑን ከፈትሁዲን አባት ሱቅ ትገዛለች፤ ሰፌድ ላይ ታሰጣለች፤ ቅርፊቱን ከሙጫው፣ ጠቆር ያለውን ከነጩ ትለያለች። ባሏ ቄሰ ገበዝ ወንዳፈረው የደብሩ ንዋየ ቅድሳት ሁሉ በእጃቸው ነው፤ በቤቱም ሁለት ሕግ አቁመው ነበር። አንደኛው፣ የመሠዊያ ዕጣን የሚለቅም ሰው አስቀድሞ እጁን ይታጠባል። እህተማርያም ልጅ ሆና የሰማችው የአባቷ ጥሪ ሁሉ «እጅሽን ታጥበሽ ነይ» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሚለቅም ሰው ዕጣኑን ወደ አፍንጫው አያስጠጋም። «የመጀመሪያው ሽታ የባለቤቱ ነው» ይላሉ ቄሰ ገበዙ፣ በጣታቸው ወደ ላይ እያሳዩ።

ወይዘሮ ዮዲት ስትታመም አንድ ሙዳይ ሙሉ ዕጣን ለቀመች። እያንዳንዷን ፍሬ በተንቀጠቀጠ ጣቷ እየመረጠች፣ «ከዳንኩ በገዛ እግሬ አስገባዋለሁ» ብላ ተሳለች። አልዳነችም። ሙዳዩ ቀረ፣ ነጠላዋም ቀረ። እህተማርያም ሐዘን በበረታባት ቁጥር ያን ነጠላ ከሣጥን አውጥታ ፊቷን ትቀብርበት ነበር። ከጭሱ ይልቅ ጭሱ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ነበር የሚሸታት፤ የእሑድ እኩለ ቀን፣ የእናት ትከሻ፣ ጧፍ፣ ትንሽ የጽድ እንጨት። ከወር ወር ሽታው ሳሳ። አንድ ቀን ፊቷን ቀብራ ጨርቅ ብቻ ሸተታት። ያን ቀን ከቀብሩ ቀን ይበልጥ አለቀሰች።

እህተማርያም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ማኅሌት ለዕጣን ጥናት ሆሳዕና የመጣች ጊዜ አስተርጓሚና አስጎብኚ አድርገው የሰጧት እርሷን ነበር። ማኅሌት ታዲያ በገበያው መሃል ቆማ እንዲህ አለቻት፤ «ዕጣን ዕጣን የሚል ሽቶ ዓለም ሞልቶታል። እኔ የምፈልገው ጭሱ ሲሄድ በሰው ላይ የሚቀረውን ነው። እሱን ጠርሙስ ውስጥ ያስገባ ሰው አላየሁም።» እህተማርያም ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በነጋታው ሙዳዩን ከፈተች። የእናቷን ዕጣን በአልኮል ዘፈዘፈችው፤ ከጃጁራ ገበያ ያመጣችውን የሎሚ ልጣጭ፣ የጽድ ፍቅፋቂ፣ የጧፍ ትርፍራፊ በየተራ እየጨመረች፣ እየቀነሰች፣ እያጣራች ዓመት ደከመችበት። በመጨረሻ አንድ ጠብታ እጇ ላይ አድርጋ ስታሸት እናቷ ከቅዳሴ ገባች።

የጥምቀት ሰሞን ቄሰ ገበዙ ሙዳዩን ጠየቋት። ባዶ ነው። ምን እንዳደረገችው ስትነግራቸው ቁጣ እንኳ አልመጣላቸውም፤ ፊታቸው ብቻ ተለወጠ።

«የእናትሽን ስለት» አሉ። «የመሠዊያውን ለብብት።»

ከዚያ ወዲህ ስሟን ጠርተው አያውቁም። ቤታቸው ስትሄድ ለሰላምታዋ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያው እንደ ማንኛውም ምእመን። ስለዚህ ፔርሙዙ ሐዋሳ መድረስ አለበት። ማኅሌት ይዛው ከሄደች፣ እዚያ ያሉት ትልልቆቹ ቀማሚዎች ካሸተቱት፣ ብብት ያሉት ነገር ምን እንደሆነ አባቷ ይገባቸው ይሆናል ብላ ታስባለች። ይህን ተስፋ ለማንም ነግራ አታውቅም፣ ለፈትሁዲንም ቢሆን።

ዱራሜን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ ስልኳ ጠራ።

«የት ደረስሽ?» አለች ማኅሌት። ድምፅዋ ይቸኩላል። «ሾፌሩ ስምንት ሰዓትን አላሳልፍም ብሏል። ኬላው ሁሉ እንዲህ ሆኖ...»

«አዲሎ ልንገባ ነው። እደርሳለሁ።»

«እህትዬ፣ ብቻ ተጠንቀቂ እሺ? ሌላ የለንም።»

ሌላ የለንም። እህተማርያም ፔርሙዙን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

አዲሎ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ በደህናው ጊዜ መኪና ሲቆም ሙዝና አቮካዶ የያዘ እጅ በመስኮቱ ሁሉ ይገባል። ያን ቀን ግን አንድም እጅ አልመጣም። መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲህ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ሽንኩርት የጫነው ጋሪ ሳይቀር ተደርድሮ ቆሟል። ጥሩንባ የሚነፋ አለ፤ የሚሳደብ አለ። ከድንኳኑ አጠገብ የእጅ መታጠቢያው ሮቶ ቧንቧው ተከፍቶ ባዶውን ቆሟል።

«ምን ተፈጠረ?» አለ ፈትሁዲን አንገቱን አውጥቶ።

«ውኃ አልቋል!» አለው ከፊት ያለው ሾፌር። «ሳኒታይዘሩ ከትናንት ጀምሮ የለም። እጁን ያላጸዳ አያልፍም ብለዋል። የውኃ መኪና እየመጣ ነው ይላሉ፣ አይመጣም።»

ፈትሁዲን ሞተሩን አጠፋ። በመስታወቱ ከእህተማርያም ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ፀሐይዋ ወጣች፣ ከረረች። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ፍተሻው እነርሱ ዘንድ ደረሰ። ሳጅን ቲቶ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ የዚያው የከምባታ አገር ሰው ነው። ዩኒፎርሙ በላብ ርሷል። ከኋላው ሲስተር ትርፊት ያችን ሽጉጥ የምትመስል የሙቀት መለኪያ ይዛ ትከተለዋለች፤ የእጆቿ ቆዳ በበረኪና ተሰነጣጥቋል።

«ሁላችሁም ደኅና ናችሁ?» አለ ሳጅኑ። «ዕቃ ክፈቱ። አልኮል የያዘ ካለ አሁን ቢናገር ይሻለዋል። ኋላ ከተገኘ እኔም አልረዳውም።»

የእትዬ ወርቅዬ ዘንቢል ተከፈተ፤ ለአራስ የሚሆን ቅቤና አጃ። የአንዱ ሻንጣ ተከፈተ፤ ልብስ። ሳጅኑ ፔርሙዙን በጣቱ ነካ አደረገ።

«ይሄስ?»

«ሻይ ነው።»

«እሺ» አለና አለፈ።

ሲስተር ትርፊት ግን አላለፈችም። መለኪያውን በእህተማርያም ግንባር ላይ ደግና ሙቀቷን አነበበች። ከዚያ ዓይኗ ወደ እህተማርያም አንገት ወረደ፣ በጥቁር ክር ማተቧ ላይ ቆመ፣ ወደ ፔርሙዙ ሄደ። የራሷም አንገት ላይ እንደዚያው ያለ ጥቁር ክር አለ።

«ሻይ?» አለች ዝቅ ብላ። «ዛሬ?»

ሳጅን ቲቶ ዞረ። እርሱ ጴንጤ ነው፣ የረቡዕ ጾም አይቆጥርም፤ ነገር ግን ሴት ሴትን እንዲህ ስታይ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። «ምንድን ነው ሲስተር?»

«ለሹፌሩ ነው!» አሉ እትዬ ወርቅዬ ቀድመው። «እሷ ክርስቲያን ናት፣ ምን በወጣት! ሹፌሩ ነው ያለ ሻይ ዓይኑ የማይገለጥ። ራሱ ነግሮኛል።»

«አዎ፣ የኔ ነው» አለ ፈትሁዲን።

ሳጅኑ ሁሉንም በየተራ አያቸው። ቸኩሎም አያውቅ፣ አሁንም አልቸኮለም። «ጥሩ። ፀሐዩም በርትቷል። እንግዲህ ሻይህን ጠጣ፣ እኛም እንይ።»

ፔርሙዙን ከእህተማርያም እጅ ወስዶ፣ ክዳኑን ፈትቶ፣ ሽታው ከማስኩ ሳያልፍ፣ በክዳኑ ላይ ቀዳ። ለፈትሁዲን አቀበለው። ፈትሁዲን ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል። ያን ጠንካራ አልኮል ራሱ ነው ፈልጎ የገዛላት። በሕይወቱ ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም፤ የሠርግ ቤት ድንኳን ሲገባ አረቄ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ርቆ የሚቀመጥ ሰው ነው። ማስኩን ወደ አገጩ አወረደ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ፈጣሪውን ይቅርታ መጠየቁ ነበር። ከዚያ ክዳኑን ወደ አፉ አነሣ።

«አትጠጣ!» ብላ ጮኸች እህተማርያም። «ጋሼ ፈትሁዲን፣ እንዳትጠጣ! አልኮል ነው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ክዳኑ በፈትሁዲን እጅ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

የሳጅን ቲቶ ፊት ጠቆረ። «ሹፌር፣ ውረድ» አለ። «ቁልፉን ስጠኝ።»

«እሱ ምንም አያውቅም» አለች እህተማርያም፣ ተከትላ እየወረደች። «የኔ ነው። እኔ ነኝ የያዝኩት።»

«ውሸቷን ነው» አለ ፈትሁዲን። «የጫንኩት እኔ ነኝ። ሱቅ አለኝ፣ ነጋዴ ነኝ። እሷ መምህርት ናት፣ ምን ታውቃለች? ተዋት ሳጅን።»

እህተማርያም ዞራ አየችው። ጎልማሳው ሰውዬ ቁልፉን በመዳፉ ዘርግቶ ቆሟል። ሚኒባሷ የእርሱ ብቻ አይደለችም፤ ከሚስቱ ከነኢማ ወንድሞች ጋር የገዟት ናት፤ የስንት ቤት እንጀራ ናት። ይህን ሁሉ ለምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። አባቱ ለእናቷ ዕጣን ሲሸጥላት፣ «ለአምላክ ነው፣ ምረጪ» ብሎ ሙሉውን ጆንያ ፊቷ ይገለብጥላት ነበር። ፈትሁዲንም ያን ጆንያ ሲሸከም ያደገ ነው። አፈረች።

ሳጅኑ ቁልፉን አልተቀበለም። ፔርሙዙን ይዞ ሰልፉን፣ ባዶውን ሮቶ፣ የሲስተር ትርፊትን የተሰነጣጠቀ እጅ ተራ በተራ አየ።

«እኔ የማውቀው ሁለት ነገር ነው» አለ። «ተደብቆ ለንግድ ከሄደ፣ መኪናውም ሰውየውም ይያዛል። ሕጉ ነው። ለሕዝብ መገልገያ ከሆነ ደግሞ፣ ሕዝቡ ያው እዚህ ቆሟል። ይህቺ ነርስ ከትናንት ጀምራ በረኪና እየነካች በሽተኛ ትነካለች።» ፔርሙዙን ወደ እህተማርያም ዘረጋው። «ለምንድን ነው የያዝሽው? አንቺ ንገሪኝ። የምትይኝን አምናለሁ።»

ፔርሙዙን ተቀበለችው። ከመቼውም ይልቅ ከበዳት። ከኋላዋ ስልኳ ከወንበሩ ላይ ይጠራል። ማኅሌት ናት። ሌላ የለንም። በዓይኗ ሙዳዩ መጣ፣ የእናቷ የሚንቀጠቀጥ ጣት መጣ፣ ዓመት ሙሉ ጠርሙሱን እያነሣች በብርሃን ያየችበት ማለዳ ሁሉ መጣ። ይህ ከፈሰሰ እናቷን ሁለተኛ መቅበር ነው። ደግሞ እናቷ ብትሆን ፈትሁዲንን አሳስራ ትሄድ ነበር? ይህን ስትጠይቅ መልሱን ስላወቀችው ማልቀስ ጀመረች።

«ለእጅ ነው» አለች። «ለመንገደኛ እጅ።»

«እንግዲያ አፍስሺያ» አለ ሳጅኑ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

መጀመሪያ በሲስተር ትርፊት እጅ ላይ አፈሰሰች። ከዚያ በፈትሁዲን፤ እርሱ «ቢስሚላህ» ብሎ መዳፎቹን አሻሸ። «ጁምዓ ከቀረ ወዲህ ሽቶ አልነካሁም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ በእትዬ ወርቅዬ። ከዚያ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ የአይሱዙው ሾፌርና ረዳቱ፣ ሽንኩርት የጫነው ባለ ጋሪ፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ፋይል የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ። ጥቂት ጥቂት፣ በመዳፍ መሃል። እህተማርያም አንገቷን ደፍታ ታፈስሳለች፤ ፊታቸውን አታይም፣ እጃቸውን ብቻ።

መጀመሪያ የሰማችው የእትዬ ወርቅዬን ድምፅ ነው። «ወይኔ እመቤቴ» አሉ። ጨርቁን ከፊታቸው አውርደው ሁለት እጃቸውን አፍንጫቸው ላይ ገጥመዋል። «ወይኔ! ቤተ ክርስቲያን ገባሁ እኮ! ቅዳሴ ገባሁ!»

«ፊታችሁን አትንኩ!» ብላ ጮኸች ሲስተር ትርፊት። ከመጋቢት ጀምራ ቀን ከሌት የጮኸችው ያንኑ ነው። «እትዬ፣ ፊትዎን አይንኩ! እናንተም እዚያ ጋ! ፊታችሁን...»

አልጨረሰችውም። ሰልፉ ሁሉ እጁን ወደ ፊቱ አንሥቷል። የአይሱዙው ሾፌር በመሪው ላይ ተደፍቷል፤ ባለ ፋይሉ ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል። ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶበት፣ ምእመን በየቤትህ ጸልይ ተብሎ፣ የሕማማት ስግደትን ግድግዳ እያየ የሰገደ ሰው ነው የሚበዛው። ሲስተር ትርፊት ወደ ተሰነጣጠቁት እጆቿ አየች። ማስኳን አወረደች። ከዚያ እርሷም ፊቷን ቀበረችባቸው።

«ዛሬ እኮ የመልካም መዓዛ ቀን ነው» አሉ እትዬ ወርቅዬ በልቅሶ መሃል። «ያቺ ሴት ሽቶዋን በጌታ ላይ ያፈሰሰችበት ረቡዕ። እንዴት ረሳነው?»

ሳጅን ቲቶ በመጨረሻ መዳፉን ዘረጋ። አሸተተ። «ዱራሜ ስማር» አለ፣ «የእናንተ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነበር መንገዴ። ጠዋት ጠዋት ይሄ ይሸተኝ ነበር። ምን እንደሆነ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።» ከዚያ ገመዱን ፈታ።

ፔርሙዙ ሲገለበጥ አንዲት ጠብታ ብቻ ወረደች፤ በእህተማርያም በራሷ እጅ ላይ።

ስልኩ እንደገና ሲጠራ አነሣችው።

«ማኅሌት፣ በሰላም ግቢ» አለች። «የለም።»

«ተወሰደ?»

«ፈሰሰ።»

ማኅሌት በጣም ቀስ ብላ፣ «ሽታው ግን... ወጥቶልሽ ነበር?» አለች።

እህተማርያም ሰልፉን አየች። መኪኖቹ እንዲያልፉ ገመዱ ከወረደ ቆይቷል፤ ማንም ግን ለመሄድ አልቸኮለም። «ወጥቶልኝ ነበር» አለች።

ፈትሁዲን ሐዋሳ ድረስ ልውሰድሽ ቢላት እምቢ አለች። ምን ይዛ ትሄዳለች? ወደ ሆሳዕና በሚመለስ መኪና ተሳፈረች፤ መንገዱን ሁሉ ባዶውን ፔርሙዝ ታቅፋ። ከተማ ስትገባ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው እግሯ ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ደብሩ ወሰዳት።

በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ካህናቱ በውስጥ ናቸው፤ ከአጥሩ ውጭ ጥቂት ሰዎች ተራርቀው ይሰግዳሉ። ከበሩ ጎን የእጅ መታጠቢያ በርሜልና ሳሙና ተቀምጧል። እህተማርያም ከሁሉ ኋላ ቆመች። ቄሰ ገበዝ ወንዳፈረው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ የውጭውን ሕዝብ ሊያሰግዱ ወደ በሩ መጡ። እጃቸውን አነሡ። ከዚያ እጃቸው በአየር ላይ ቆመ።

«ማነው ያጠነ?» አሉ በቁጣ። «ውጭ አይታጠንም ብለን አልነበረም?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ዞረ። እህተማርያም ወደ ፊት ሄደች። ከሰንሰለቱ ወዲህ ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«አላጠንኩም አባባ። አፈሰስኩት።»

ቄሰ ገበዙ እጆቿን አዩ። የነገሩ ምንነት ቀስ እያለ ገባቸው። «የት?»

«አዲሎ። መንገድ ላይ።»

«በምን ላይ?»

«በሰው እጅ ላይ። የሹፌር፣ የነርስ፣ የፖሊስ። የሽንኩርት ጫኝ። የመጣ ሁሉ።»

«ሁሉንም?»

«ምንም አልተረፈም።»

የዛሬውን ምንባብ ጠዋት ለባዶው ቤተ ክርስቲያን ያነበቡት እርሳቸው ናቸው፤ እህተማርያም ታውቃለች፣ በየዓመቱ እርሳቸው ናቸው። ያቺ ሴት ውዱን ሽቶዋን ስታፈስ ቆመው ያዩት ሰዎች ምን እንዳሏት ከርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ይህ ሁሉ ጥፋት ለምንድን ነው ብለው ነበር የተቆጧት። አባቷ ዓይናቸውን ወደ መሬት ሲጥሉ አየች። እንደዚያ ሲያቀረቅሩ ያየቻቸው የእናቷ ቀብር ዕለት ብቻ ነው።

«ስለቷን አድርሰሻል» አሉ። «እህተማርያም።»

ስሟን ስትሰማ በሁለት እጇ ሰንሰለቱን ያዘች።

«ነገ ጸሎተ ሐሙስ ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ። «የቅዳሴው ዕጣን አልተለቀመም። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ዓይኔ ነጩን ከጥቁሩ አይለይልኝም።»

«እሺ አባባ። እጄን ልታጠብና ልምጣ» አለች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። ወደ በርሜሉ ዞረች።

«ተዪው» አሉ አባቷ፣ ሰንሰለቱን እየፈቱ። «ሳትታጠቢ ግቢ።»